ለልጅ የሚጻፍ እንግሊዝኛ

የጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ የገባሁት በመስከረም መጨረሻ፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ ነው። እስቴና ጋይንት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ነገር ግን ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ማደር የጀመርሁት እዚያ ስለሆነ፣ ባሕር ማዶ የተሻገርሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ መመደቤ ነበር።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በርበሬና ጨው የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። እሳቸው «አስተማሪው» ይሉኛል፤ እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ ከሰላምታ አናልፍም። ዘመኑ እንዲያ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ኮሌጅ አብረውኝ ከነበሩት አንዱ ታስሯል፤ አንዱ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ሰው ከሰው ጋር ከማውራቱ በፊት ዙሪያውን ያያል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚወራው ስለ ውርጭና ስለ ሰብል ብቻ ነበር። ራቴን ብቻዬን በልቼ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፌ እተኛለሁ። ነፋሱ እንዲያም ሆኖ ይገባል።

የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊያችን ህንዳዊ ነበሩ። በአፄው ጊዜ መጥተው፣ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ኖረው፣ ጋይንት ደርሰዋል። ቀጭን፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ዝናብ ኖረ አልኖረ ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው፣ ክራባታቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ሻርፕ የሚጠመጥሙ ሰው ናቸው። ብርዱን አልለመዱትም። ሚስታቸውና ልጃቸው አገራቸው ናቸው፤ ገንዘቡን ይልኩላቸዋል እንጂ ካዩአቸው ዓመታት አልፈዋል።

ከእሳቸው ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና አውጥቼ ከጥያቄው በላይ «ዶንት ራይት ኦን ዚስ ፔፐር» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በዚህ ወረቀት ላይ እንዳትጽፉ ለማለት። ወረቀቱን አስመጥተው «ዶንት» የሚለውን ቁራጭ ቃል ሰርዘው ሙሉውን «ዱ ኖት» ብለው አሳዩኝ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «ወረቀት ነው ወይስ ገበያ?»

«ትርጉሙ አንድ ነው፣ ሰር» አልሁ።

«ትርጉሙ አንድ ነው። አክብሮቱ ግን አንድ አይደለም።»

እኔን ትንሽ ልጅ ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ፣ ከአብዮቱ በፊት እስቴ የመጣ አሜሪካዊ ወጣት ነበር። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን እያወዛወዘ የሚያስተምር፣ ቃላቱን ሁሉ እየቆራረጠ የሚናገር ደስተኛ ሰው ነበር። «እንደምትናገሩ ጻፉ» ይለን ነበር። እሳቸው ደግሞ የተማሩት እንግሊዞች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት፣ ተማሪ ቆሞ በሚመልስበት ቤት ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ተከራከርን። እኔ ለተማሪ የሚቀርብ ቀለል ያለ እንግሊዝኛ ይሻላል እላለሁ፤ እሳቸው ወረቀት ላይ የሚቀመጥ ቃል የክት ልብሱን ይልበስ ይላሉ።

ክርክሩ ግን ወዳጅ አደረገን። ከትምህርት በኋላ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ከከተማው ወጣ ብለን እንሄዳለን፤ በእንግሊዝኛ እናወራለን። እኔም ከሰው ጋር ልብ አውጥቼ የማወራው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ስለ ሚስታቸው ያወሩኛል። የሚመለሱበትን ቀን ያወሩኛል፤ ቀኑ በየጊዜው ወደፊት ይገፋል።

የሚያስቀው፣ በእንግሊዝኛ እንዲያ የሚጠነቀቁት ሰው በአማርኛ ማንንም አያከብሩም ነበር። አማርኛውን የለቀሙት ከመንደር ልጆች ነው። ርእሰ መምህሩን «ና፣ ተቀመጥ» ይሉታል። ሸምግለው በዘንግ የሚሄዱትን መሪጌታ በመንገድ ሲያገኟቸው «አንተ ደህና ነህ?» አሏቸው አንድ ቀን። መሪጌታው ደንገጥ ብለው ቆሙና «ይመስገን፣ አለሁ» ብለው አለፉ። እኔ አፈርሁ። መንገድ ላይ ቆመን አንተና አንቺን፣ አንቱና እርስዎን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

«ይህን ሁሉ ነው እንግሊዝ በአንድ ‹ዩ› የጨረሰው?» አሉ።

በዚያው ሰሞን አንድ፣ እዚያው ጋይንት ካለችው የድጓ ደብር ከቤተ ልሔም የመጣ፣ የቄስ ትምህርቱን ትቶ አስኳላ የገባ ተማሪ «መምህር፣ ለመነኩሴውም ለአህያውም አንድ ‹ዩ› ነው የሚባለው?» ብሎ ክፍሉን አስቆት ነበርና ይህንኑ ነገርኋቸው። አልሳቁም።

«ልክ ብሏል» አሉኝ። «እናንተ አክብሮቱን አንተና አንቱ ላይ አስቀምጣችሁታል። እንግሊዝኛ ያን ስለሌለው ቃሉ ውስጥ ነው የደበቀው። ‹ዱ ኖት› ብለህ ስትጨርሰው ያኔ አንቱ አልህ ማለት ነው። እኔ እንግዳ ሰው ነኝ፤ በየሄድሁበት የሰውን ልማድ አላውቅም። ቢያንስ በምጽፈው ማንንም እንዳልዳፈር ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለ «ዶንት» አልተከራከርኋቸውም።

በጥር ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ከዚያ ከውጭ ዜጋው ጋር ማታ ማታ በእንግሊዝኛ የምትዶልቱት ምንድን ነው?»

«ስለ እንግሊዝኛ ነው የምናወራ።»

«በእንግሊዝኛ፣ ስለ እንግሊዝኛ?»

«አዎ። ቃል ቆርጦ መጻፍና ሳይቆርጡ መጻፍ...»

«ትቀልድብኛለህ?»

«አልቀልድም» አልሁት። ሰውየው እጆቹን ከጠረጴዛው አነሳና «ሂድ፤ ግን ዓይናችን አንተ ላይ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ለኃላፊያችን ነገርኋቸው። ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው አዳመጡኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ አብረን አንሄድም» አሉ። «እኔ የውጭ ሰው ነኝ። ቢከፋ ወደ አገሬ ይልኩኛል። አንተን ወዴት እንደሚልኩህ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ቤቴም እንዳትመጣ።»

«ሰር፣ እኔ...»

«ይህ ምክር አይደለም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በትምህርት ቤቱ ግቢ «ጉድ ሞርኒንግ» ተባብለን እንተላለፋለን። እሳቸው በሩቁ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። ማታ ማታ ከክፍሌ መስኮት ሳይ፣ በዚያው መንገድ ብቻቸውን ጃንጥላቸውን ይዘው ሲሄዱ፣ ከዚያም ብቻቸውን ሲመለሱ እመለከታለሁ። ወጥቼ መከተል ያምረኛል፤ አልወጣም። የካቲትን እንዲህ አሳለፍነው። ሰው በሞላበት ከተማ እርስ በርሳችን ብቻ የምንግባባ ሁለት ሰዎች፣ በጎን እየተያየን ዝም አልን።

በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም፣ ቴሌግራም መጣላቸው። ርእሰ መምህሩ ነው ክፍል በር ድረስ ወስዶ የሰጣቸው። አነበቡት፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ወደ ሰሌዳው ተመልሰው ደወሉ እስኪደወል አስተማሩ። ከዚያ ወጥተው ለርእሰ መምህሩ «ባለቤቴ ሞታለች። ተቀብራለች። ፈቃድ አልጠይቅም» አሉትና ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ይህን የሰማሁት ከርእሰ መምህሩ ነው። እቤቴ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። እንዳልሄድ ተከልክያለሁ፤ እንዳልቀር ደግሞ አልችልም። ወረቀት አውጥቼ በእንግሊዝኛ የሐዘን ቃል ልጽፍላቸው ሞከርሁ። የማውቀው ሁሉ ከመጽሐፍ የለቀምሁት ነበር፤ «በደረሰብዎ ጥልቅ ሐዘን የተሰማኝን» የሚል ዓይነት። በቆራጣው እንግሊዝኛዬ ስጽፈው ደግሞ ቡና ቤት የሚወራ መሰለብኝ። ቀደድሁት። በመጨረሻ ወጥቼ ለአከራዬ ነገርኋቸው።

እትዬ በርበሬ ይለቅሙ ነበር። ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነው ያለው?»

«ብቻቸውን ናቸው። ግን ቀበሌ...»

«ምን? ለቅሶ ለመድረስም የቀበሌ ወረቀት ሊያሻ ነው?» ብለው ተነሱ። ጋቢያቸውን ደርበው በየጎረቤቱ በር እየቆሙ ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ያ ህንዱ አስተማሪ፣ ሚስቱ ሞታበት! ሰው የለውም!»

ስንደርስ በሩን የከፈቱልን ክራባታቸውን እንዳሰሩ ነው። ግቢው ሙሉ ሰው ሲያዩ ፈሩ፤ ሊይዟቸው የመጡ ሳይመስላቸው አልቀረም። ቤታቸው ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው። ሰዉ ዝም ብሎ ገብቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ ሊያለቅሱ ፈልገው ስለማያውቋት ሴት ምን ብለው እንደሚያለቅሱ ቸገራቸው።

«ጠይቅልን እንጂ» አሉኝ እትዬ። «ስሟ ማን ነው? ምን ዓይነት ሴት ነበረች?»

ጠየቅኋቸው። ስሟን ነገሩኝ። ሴቶቹ ስሙ ለአፋቸው ባይመቻቸውም እንደምንም ይዘው በዜማ አወጡት፤ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ያኔ ነው እሳቸው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው የወደቁት። ቴሌግራሙን ካነበቡ ጀምሮ እንባ አልወጣቸውም ነበር፤ በኋላ ነገሩኝ።

«አንተ ደህና ነህ?» የተባሉት መሪጌታም መጥተዋል። ቀስ ብለው «ሃይማኖታቸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ብዙው ሰው ጣዖት የሚያመልኩ ነበር የሚመስለው። ጠየቅኋቸው። እንባቸውን እየጠረጉ በአማርኛቸው «ቅዱስ ቶማስ። ቤታችን ሁሉ የቅዱስ ቶማስ» አሉ።

መሪጌታው ተነሱ። «ሐዋርያው ቶማስ? ህንድ ወርዶ አስተምሮ፣ ስለ ጌታው ቆዳውን የተገፈፈው? ታሪኩ በቤተ ክርስቲያን ይነበብ የለም እንዴ! ወንድማችን ናቸዋ!» አሉና ለሟቿ ጸሎት አደረሱ። ግዕዙን ህንዳዊው አልሰሙትም፤ ነገር ግን በየመሃሉ የሚያውቁት ቃል፣ ሃሌ ሉያ ሲመጣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ንፍሮ ቀረበ። አንገቴን ቀና ሳደርግ የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ሥር፣ ከሰው ኋላ ኩርምት ብሎ ተቀምጦ አየሁት። ለቅሶ ነውና አልቀረም። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ እሱ ነው ቀድሞ ያቀረቀረው።

ከሠልስቱ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ይፈልጉሃል» ብሎ ጠራኝ። እንዳልመጣ የከለከሉኝም አሁን የጠሩኝም እሳቸው ናቸውና ቤታቸው ሄድሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ተበትኗል።

«ለልጄ መጻፍ አለብኝ» አሉኝ። «አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደገችው፤ የአገራችንን ፊደል አሳምራ አታነብም። ሁልጊዜም በእንግሊዝኛ ነው የምጽፍላት። እስቲ ይህን አንብበው።»

አነበብሁት። ፊደሉ ያምራል፤ አንድ ስሕተት የለበትም። ወደ አማርኛ ብመልሰው እንዲህ ይል ነበር፤ «ውድ ልጄ ሆይ፤ የተወደደች እናትሽን ከዚህ ዓለም በሞት መለየት በታላቅ ሐዘን የተረዳሁ መሆኔን ስገልጽልሽ፣ በትምህርትሽ በርትተሽ እንደምትቀጥዪ ያለኝን ጽኑ እምነት...»

ወረቀቱን እንደያዝሁ ቀና አልሁ።

«ተናገር» አሉ።

«ሰር፣ ይህን ርእሰ መምህሯም ሊጽፍላት ይችላል።»

የተቀየሙ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «አውቃለሁ» አሉ። «ሌላ አልችልም። ስለዚህ ነው የጠራሁህ። አንተ ሰው እንደሚያወራ መጻፍ ትችላለህ። አሳየኝ።»

እስክሪብቶውን ዘረጉልኝ፤ አልተቀበልሁም። «እዚህ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቢሆን ምን ይሏት ነበር?» አልኋቸው።

ወንበሩን አዩት።

«አላውቃትም» አሉ። «ጥያት ስመጣ ቁመቷ ከዚህ ጠረጴዛ አይበልጥም ነበር። ትልቅ ልጅ ሆና ምን እንደምትወድ አላውቅም። ለማያውቁት ሰው ደግሞ አክብሮ ነው የሚጻፈው። ሌላ እንዴት ይሆናል?»

ክርክራችን ሁሉ ስለ ቃል አቆራረጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰውየው ልጃቸውን «አንቺ» የሚሉበት ድፍረት ጠፍቶባቸው ኖሯል።

«እናቷን ግን ያውቋታል» አልኋቸው። «በመንገድ ላይ ያወሩኝ የነበረውን ይንገሯት።»

«ለምሳሌ የቱን?»

«ማንጎው ሳይበስል በጨውና በበርበሬ እየበላች ሆዷን ያማት እንደነበር። ዝናብ ሲመጣ የታጠበውን ልብስ አስገቢ ሲሏት ቆማ ስትስቅ ልብሱ ይርስ እንደነበር።»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አዲስ ወረቀት ስበው መጻፍ ጀመሩ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ፍየሎች የሚያልፉበትን መንገድ አያለሁ። አንዳንዴ «ይህ ይባላል?» ይላሉ፤ «ይባላል» እላለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብዕራቸው ቆመ። ዘወር ብዬ ሳይ «እንቅልፍ አልወስደኝ አለ» የሚለው ላይ ነበሩ። «ካንኖት» ብለው ሙሉውን ጽፈው ሰረዙት፤ «ካንት» አሉት፤ ቆርጠው። አንገታቸውን ነቅንቀው ቀጠሉ።

መጨረሻው ላይ ሲደርሱ «ናፍቆቴን እንዴት ልንገራት?» አሉኝ። «በፎርማሉ፣ በወጉ አጻጻፍ፣ ‹አክባሪሽ አባትሽ› ነው የምለው። በሌላው ምን ይባላል?»

እኔም የእንግሊዝኛው ጠፋኝ። ትዝ ያለኝ እናቴ በሰው አስጽፋ ከእስቴ የምትልክልኝ ደብዳቤ ነበር። «በኛ አገር» አልኋቸው «ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ፣ ገበሬም ይሁን ወታደር፣ ሲጀምር እንዲህ ይላል፤ እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አጻጻፉ ተለምዷል። ያላለ እንዳልተማረ ይቆጠራል።»

«እንግዲያውስ ፎርማል ነው» አሉ፤ ተገርመው። «ፎርማል ሆኖ እንዲህ ይላል?»

በእንግሊዝኛ ደጋግመው ሞከሩትና ጻፉት። ከሥሩ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ፈረሙ። ለልጅ «አባባ» ብቻ ይበቃል ብላቸው እምቢ አሉኝ። «ይህን ተውልኝ። ስሜን ሙሉውን ታየው፤ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቅ» አሉ። ተውሁላቸው።

መልሱ የመጣው በግንቦት ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሰው ባለበት፣ እኔን ጠርተው አሳዩኝ። አጭር ናት፤ ፊደል የተሳሳተባት፣ ቃላቷ ሁሉ የተቆራረጡ። «እዚያ ይበርዳል? ምን ትበላለህ? እማማ ማንጎ ስትበላ ያማት እንደነበር አላውቅም ነበር፤ እኔንም ያመኛል። ለምን አትመጣም?» ትላለች። ስሕተቱን የሚያርሙ መስሎኝ እርሳሳቸውን ጠበቅሁ። አላወጡትም። «‹ለምን አትመጣም› ስትል ቆርጣ ነው የጻፈችው» አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው። «ቶሎ እንድሄድ ቸኩላ ነው።»

ውላቸው ሳያልቅ የመሰናበቻ ማመልከቻ አስገቡ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ሰኔ ሲያልቅ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና ገብተው ሄዱ። መሪጌታውን «እርስዎ ደህና ይሁኑ» ብለው ሲሰናበቷቸው መሪጌታው፣ ቄስም ናቸውና፣ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟቸው። ለእኔ ምን ልበል ብለው ትንሽ ካሰቡ በኋላ በአማርኛ «አንተ፣ በርታ» አሉኝ። ከሌላ ሰው አፍ ቢሆን ተራ ቃል ነው። መኪናው ቁልቁለቱን ሲይዝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዝኛ ክፍሉ እኔ ብቻ ሆንሁ። ደብዳቤ ጻፍሁላቸው፤ ይድረስ አይድረስ አላወቅሁም፤ መልስ አልመጣም። ማታ ማታ በዚያው መንገድ ብቻዬን እሄዳለሁ። አንዳንዴ ሳላውቀው ድምፄን አውጥቼ በእንግሊዝኛ አወራለሁ፤ እጠይቃለሁ፣ እመልሳለሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሰምተውኝ ኖሮ «አስተማሪው ብቻውን ያወራል» ተባለ። አንድ ማታ እትዬ በሬን አንኳኩተው በጣሳ ጠበል ይዘው ገቡ።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው? አሞሃል?»

«አላመመኝም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ፊቴን አይተው ጠበሉን መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

«ተነስ» አሉኝ። «ራት ከኛ ጋር ነው የምትበላ። ከዛሬ ጀምሮ።»

ከዚያ ማታ ጀምሮ እስክዛወር ድረስ ከእሳቸው ማዕድ በላሁ። ልጆቻቸው ይጫወታሉ፤ እሳቸው የገበያውን ወሬ ያወራሉ፤ እኔም ቀስ በቀስ ማውራት ጀመርሁ። እንግሊዝኛ የሚያናግረኝ ሰው ግን በዚያ ከተማ ዳግመኛ አላገኘሁም።